ዝናብን የሚያሸንፍ ስፒከር ፍለጋ

ወገኖቼ፣ ዛሬ መቱ መሃል ከተማ ላይ ራሴን በራሴ ጉድ ሠራሁት! ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ለሳሎኔ ስፒከር ልመርጥ ወጣሁ። ወንጀሌ ይኸው ነው።

የኛን የኢሉባቦር ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ላይ ከወረደ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የሚያወራው አይሰማችሁም። ባለፈው የልጄ ልደት ላይ ኬኩ ሊቆረስ ሲል መጣ፣ ሙዚቃው ድራሹ ጠፋ። እንግዳው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ኬኩን በላ።

ጣሪያ!

የዚያን ቀን የነበረችው ስፒከር ባሌ ከጅማ ያመጣት ናት። ከስኳር ዕቃ አትበልጥም። እሱ ግን ይወዳታል፣ ምን ልበላችሁ!

እሁድ ደግሞ የዚያችው ልጄ ምርቃት ነው። ዘንድሮስ ዝናብ አያሸንፈኝም ብዬ ማልኩ።

እና ምን አደረግሁ? ዝናብ ጠበቅሁ። አዎ! ሰው ሲያባራ ይወጣል፣ እኔ ሲጀምር ወጣሁ። በፀሐይማ የትኛው ስፒከር ነው የማይጎብዝ?

ባለሱቁ ጋሼ ከማል ጃንጥላዬ ሲንጠባጠብ አይተው «እትዬ ብርቄ፣ ምነው በደህና?» አሉ።

«ስፒከር ልፈትን ነው፣ ጋሼ።»

«አሁን?»

«አሁን!»

የመጀመሪያውን ከፈቱት። ዝናቡ ዋጠው። ሁለተኛው ቤዙ መስኮት ያንቀጠቅጣል፣ ዘፋኙ ግን የለም። ሦስተኛው ጥንድ፣ ቁመቱ ወገቤ የሚደርሰው... አቤት! ግጥሙ ቃል በቃል ገባኝ። ትከሻዬ ሳያስፈቅደኝ ተነሣ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሼ ከማል በዝናቡ መሃል «ቤት ያለው ምን ሆነ?» ብለው ጮኹ።

እኔም ባለ በሌለ ድምፄ፦ «ባሌ የገዛው ልክ እንደ ራሱ ነው! ሰው ሲመጣ ዝም ይላል!»

«ባሌ» ስል ዝናብ ነበር። «ዝም ይላል» ስል የለም። ቀጥ!

በረንዳው ላይ የተጠለለው ሕዝብ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት አዛውንት «ዸጌኜ!» አሉ። ሰምተናል ማለታቸው ነው። ሁላችንም።

ከአዛውንቷ አጠገብ የቆመውስ? ባሌ! ከጎረቤት ከተማ ከኡካ ሲመለስ ዝናቡ ይዞት እዚያው ተጠልሎ።

ያ ዝምተኛ ሰውዬ አፉን ከፈተ። «እኔ ዝም የምለው እኮ አንቺ ስለማትጨርሺ ነው!»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ከማል ራሳቸው ባንኮኒው ላይ ተደፉ።

ሌላ ሴት ብትሆን ሮጣ ታመልጣለች። እኔ እሁድን አሰብኩ። «ያንን ጥንድ ይጠቅልሉልኝ» አልኳቸው፣ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ።

አንዱን እሱ ተሸከመ፣ አንዱን እኔ። እንዲያ ተሸክመን ቤት ገባን።

አሁን ስፒከሮቹ ሳሎኔ ውስጥ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ያምራሉ! ባሌ ግን መኝታ ቤት ገብቶ ያቺን ትንሿን ጆሮው ሥር አስጠግቶ ዜና ያዳምጣል። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። በሩ ላይ ቆሜ «ይቅርታ» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ይቅርታ!»

«አልሰማም!»

ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር ግን ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሰምቷል እኮ ይሄ ሰውዬ!

ትዳር ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ፦ ይቅርታ በስንት ቮልዩም ነው የሚባለው?