በባንቺአየሁ ስም

«ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ድሮ ይገርመኝ ነበር። ሰው ጤና አታሳጣኝ፣ እንጀራ አታሳጣኝ ይላል እንጂ ምቀኛን ምን ቸግሮት ይለምናል? አሁን አይገርመኝም። አንዲት ሴት ምቀኛ ተሰጥቷት ምን ያህል እንደተጠቀመች በዓይኔ አይቻለሁ። ምቀኛዋ እኔ ነበርኩ። ለንስሐ አባቴ እንኳ በደፈናው «ክፉ አስቤአለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት። እሳቸውም «ማን ያላሰበ አለ?» ብለው ጥቂት ስግደት ሰጥተው አሰናበቱኝ። ዝርዝሩን ቢሰሙ እንዲህ በቀላሉ የሚለቁኝ አይመስለኝም። ለእናንተ መንገሩ የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ስምንት ወር ዳንግላ እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ የመረጃ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ድርጅት እንጅባራ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ ተለማማጅ ምሩቃን ፈለገ። የመረጃ ሶፍትዌር ስላልኩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች፣ አራት ኮምፒውተሮች፣ በዚያ ብርድ አልዘጋም ያለ አንድ መስኮት። የተቀጠርነው እኔና ባንቺአየሁ ነን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌትነት ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ስድስት ወር እንደምንለማመድና ከዚያ በኋላ በቋሚነት የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ይህን ተናግረው ሲያበቁ «እንደ እህትማማች ተረዳዱ» አሉን። አንድ አጥንት ወርውሮ በፍቅር ብሉ ማለት ይህ ነው።

ባንቺአየሁን ልጠላት ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከቤቷ የሚላክላትን ድንች ቀቅላ ግማሹን ለእኔ የምታመጣ ልጅ ነበረች። ቅናት የሚመቸው ክፉ ሰው ላይ ነው። ደግ ሰው ላይ ሲሆን የሰው ድንች እየበሉ መቅናት ይመጣል፣ ድንቹም ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

ሥራችን ፈረስ መመዝገብ ነበር። በየቀበሌው እየዞርን የፈረሱን ቀለም፣ ዕድሜ፣ ምልክትና የባለቤቱን ስም ታብሌት ላይ እንሞላለን። በአዊ ምድር ፈረስ እንደ ማንኛውም ከብት የሚታይ እንዳይመስላችሁ፤ የባለቤቱ ክብር ነው። እኔ የዳንግላ ልጅ ግን ስለ ፈረስ የማውቀው ጋሪ ላይ ተቀምጬ ከፊቴ የማየውን የኋላ ክፍሉን ብቻ ነበር። ባንቺአየሁ ደግሞ ገና ከባጃጅ ሳትወርድ ሰላምታውን በአገውኛ ታወርደዋለች። ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ፣ ይመርቋታል። ከዚያ ሁሉ ወሬ እኔ የሚገባኝ ስሜ ሲጠራ ብቻ ነው። ስሜ ተጠርቶ ሲሳቅ ምን እንደተባልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አያ ተገኘ የሚባሉ አዛውንት አንድ ቀን በአማርኛ አዘኑልኝ። «አንቺስ ልጄ፣ አፍሽን ዘግተሽ ዋልሽ። ይቺ እህትሽ አታስተምርሽም?» አሉኝ።

ማታ ቢሮ ስንመለስ እሷ አርባ ፈረስ፣ እኔ አስራ አራት። አቶ ጌትነት «ባንቺአየሁን እዩ» ይላሉ። ከሁለት ሰው አንዷን እዩ ሲባል ማን ማንን እንደሚያይ ግልጽ አይደለም? አየኋት። አምስት ወር ሙሉ አየኋት።

በአምስተኛው ወር ጉንፋን ይዞኝ ቢሮ ቀረሁና እሷ ብቻዋን ወጣች። የሄደችበት ቀበሌ ኔትወርክ ስለሌለው፣ የጎደለ ነገር ካለ እንድሞላላት የይለፍ ቃሏን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። እንዲህ ናት። ሰው ታምናለች።

የእኛ ሶፍትዌር ሁለት መዝገቦች ከተመሳሰሉበት ቢጫ ይቀባቸዋል፤ «አንድ ፈረስ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይሆን?» ማለቱ ነው። አንድ ነው ካልን እናዋህደዋለን፣ ቁጥሩም ይቀንሳል። ነገር ግን የአቶ ጌትነት ሕግ ነበረ፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ማዋሃድ አይፈቀድም። «ሳይጠይቅ ያዋሃደ፣ ፈረስ ሰረቀ» ይሉናል። የባንቺአየሁን መዝገብ ስከፍት ሃያ ሦስት ቢጫዎች ተደርድረዋል። ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ፤ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ፤ ባለቤቶቹ ግን የተለያዩ።

ያን ጊዜ ሰይጣን ገፋፋኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በዚያ ብርድ እሱም የሚወጣ አይመስለኝም። ብቻዬን ነው ያሰብኩት። በእሷ ስም ገብቼ ሁሉንም ላዋህዳቸው። አቶ ጌትነት ቁጥሩ ወርዶ ሲያዩ፣ ማን እንዳዋሃደ ሲፈትሹ፣ ስሟን ያገኛሉ። ሶፍትዌር የገባውን ስም አይረሳም፤ የማን ጣት እንደሆነ ግን አያውቅም። አንዱን በተጫንኩ ቁጥር «እርግጠኛ ነዎት?» ይለኛል። በዚያ ዕድሜዬ አንቱ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ዋሸሁት። ሃያ ሦስት ጊዜ «አዎ» አልኩ።

ሰኞ ዕለት አቶ ጌትነት መዝገቡን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። ልጅቷ ሳትጠይቅ ፈረስ ሰርዛ ከሆነ ከዛሬ በኋላ ቢሮዬን አትረግጥም አሉና፣ ራሳቸው ሄደው ሊያጣሩ ተነሡ። እኔንም አስከተሉኝ። በመንገድ ሙሉ አሳልኩ፤ ጉንፋኑ ግን ለቆኝ ነበር።

ለምዝገባ ማልዳ የወጣችውን ባንቺአየሁን ያገኘናት አያ ተገኘ ደጅ ነው። ዳማው ፈረስም እዚያው ታስሯል። አቶ ጌትነት ይህ ፈረስ የማን እንደሆነ ጠየቁ። አያ ተገኘ መሬቱን በዱላቸው ሲጭሩ ቆዩና ሳቅ አመለጣቸው።

«እንግዲህ ነቃችሁብን» አሉ። «ፈረሱስ የእኔ ነው። ሹም ፈረስ ሊጽፍ መጣ ሲባል ጎረቤቴ ባዶ እጁን ይቁም? አዋስኩት። እሱም ለአማቹ አዋሰው። ለሰርግ ስንዋዋስ ኖረን ለመዝገብ ብንዋዋስ ምን ነውር አለው?»

ለካስ ፈረሱ ቀድሞን ሲዞር ከርሟል። ኮርቻና ጌጡ እየተለወጠ፣ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ሆኖ ሲመዘገብ፣ ፈረስ አዋቂዋ ባንቺአየሁ እንኳ ሳትለየው ቀርታለች። የሌሎቹንም ደጅ ብናንኳኳ መልሱ ያው ሆነ። ሃያ ሦስቱም ትክክል! በሕይወቴ አንድም ሳልሳሳት የሠራሁት ሥራ ያ ብቻ ነው።

አቶ ጌትነት ሕጋቸውን ረስተው በቀበሌው ሰው ፊት ባንቺአየሁን አመሰገኗት። እንዲህ ያለ ዓይን በስንት ዓመት ልምድም አይገኝም አሉ። እሷም ግራ ገብቷት «እኔ እኮ እንዳዋሃድኩ አላስታውስም» አለች። ወደ እኔ ዞረው «ትሕትና ማለት ይህ ነው፣ ተማሪ» አሉኝ። ባንቺአየሁም አየችኝ፤ ትንሽ ረዘም አድርጋ። እኔ ፈረሱን አየሁ።

እኔ ነኝ ልበል? ምስጋናውን ልውሰድ ብል፣ በሰው ስም ለምን ገባሽ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ክብሬና ውርደቴ በአንድ ገመድ ታስረው አንዱን ብስበው ሌላውም ይከተላል። እያሳልኩ ወደ መንገዱ ወረድኩ። ቋሚ ቦታው ለባንቺአየሁ ተሰጠ፤ እኔ ወደ ዳንግላ ተመለስኩ።

ከአራት ዓመት በኋላ በምሠራበት ቢሮ ያው ሶፍትዌር ገባና ለሥልጠና ተሰበሰብን። አሠልጣኟ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ባንቺአየሁ። የትምህርቱም ማሳያ የዚያ የውሰት ፈረስ ታሪክ። ሰዉ ሳቀ፣ በደብተሩ ጻፈ። እኔም የገዛ ኃጢአቴን እንደ አዲስ ትምህርት ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። በዕረፍት ሰዓት ከቦርሳዋ ቅቅል ድንች አውጥታ እንደ ድሮው ግማሹን ሰጠችኝ፤ ስለዚያ ሰሞን አንድም ነገር አላነሣችም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አታውቅም ማለት ነው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንቹ ያለ ችግር ወረደልኝ።

በመጨረሻ ስለ ማዋሃድ ፈተና ሰጠችን። በሌላው ብወድቅ በዚህ አልወድቅም ብዬ ቀድሜ አስረከብኩ። ወረቀቴ ሲመለስ ከሃያ አስራ አንድ አግኝቻለሁ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦

«አሁንም ሳትጠይቂ ታዋህጃለሽ።»