የበረኛው መርዶ

አርባ ዓመት የሞላው የፊዚክስ መምህር በሥዕል የተሠራ ተረት ያነባል ቢሏችሁ ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ። አነባለሁ። ማንጋ ይባላል፤ ጃፓኖች የሚሠሩት ነው። እኔ የምከታተለው ስለ ሰውና ስለ ጂኒ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጀመርኩት። ተመረቅሁ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ሐረር ተመደብኩ፤ እሱ አላለቀም። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ስልኬ ላይ ይመጣል። ከትዳሬ የበለጠ ዕድሜ ያለውን ነገር እንዴት ልተወው?

ሐረር እንደመጣሁ ጁገል ግንብ ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ሐጂ አብዱላሂ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። በኋላ የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወሰደባቸው። እኔ በገባሁበት ሰሞን ከመደባቸው አይነሱም ነበር። መስጊድ መሄዱም ቀርቶ ነበር። ልጃቸው ሱመያ ፈረስ መጋላ አደባባይ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ "አባዬ፣ እስከ በሩ እንኳ ወጣ እንበል" ትላቸዋለች። "የማላየው በር ምን ያደርግልኛል?" ይሏታል። ነገሩ በዚያው ያልቃል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ግቢ ተቀምጬ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከውስጥ "መምህር፣ ምን አገኘህ?" አሉኝ። እያፈርኩ ነገርኳቸው። ሥዕል መሆኑን፣ የጃፓን መሆኑን፣ ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡን።

"ከቀኝ ወደ ግራ? እንደ ቁርኣን?" አሉ። "እንዲያ ከሆነ ምግባር ያላቸው ሰዎች ናቸው። እስቲ አንብብልኝ።"

በዚህ ተጀመረ። ሥዕሉን በቃል እነግራቸዋለሁ፣ ንግግሩን እተረጉምላቸዋለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ። አንዴ ጂኒ የአንድ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃውን ሁሉ ሰባበረ። "ሰውዬው ሲገባ ቢስሚላህ አላለም?" አሉኝ። አላለም፣ አልኳቸው። "ታዲያ ጂኒው ምን ያድርግ?"

በታሪኩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በረኛ አለ። የሰውንና የጂኒን አገር የሚለየውን ግንብ የሚጠብቅ። ሐጂ ከሁሉ እሱን ወደዱት። አንድ ምዕራፍ ላይ ጭጋግ ወርዶ ምንም አልታየው ሲል፣ ግንቡን በእጁ እየዳሰሰ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ቦታው ይደርሳል። በማግስቱ ሐጂ ከዘራቸውን ጠየቁ። "እስከ ፈላና በር ስንት እርምጃ ነው?" አሉ። ቆጥሮት የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እሳቸው ቆጠሩት። በሳምንቱ ጁምዓ ሰገዱ። ሱመያ ማጀት ገብታ አለቀሰች። እኔም ያን የማላውቀውን ጃፓናዊ ሠዓሊ እጁ ይባረክ ብዬ መረቅሁት።

ከዚያ አዲሱ ታሪክ ተከፈተ። እንዲህ ያሉ ረጃጅም ማንጋዎች አንዱ ጣጣ ሲያልቅ በሌላ ይጀምራሉ፤ አዲስ ሰው፣ አዲስ አገር፣ አዲስ ጂኒ። ስጠብቀው ስለከረምኩ ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ በረኛው ሞቷል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። እናቴ ደብረ ማርቆስ ስታርፍ እንኳ ሩቅ ሥራ ላይ ነበርኩና "ትንሽ አሟታል" ብለው ነው የጠሩኝ። ስደርስ ተቀብራለች። እኔም ያደግሁበትን አደረግሁ። "በረኛውስ?" ሲሉኝ፣ "ደህና ነው፤ ገበያ ሄዷል" አልኳቸው። ተመልሰው መደባቸው ላይ ይወድቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

ውሸት አንዴ ከተወለደ ቀለብ ይፈልጋል። በሚቀጥለው እሑድ ሰውዬው ከገበያ መመለስ ነበረበት። ባዶ እጁን አይመለስም፤ ፍየል ገዛ። ፍየሏ ጂኒ ሆና ተገኘች። ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀጥሎ ዳርኩት። ስድስት ሳምንት ሙሉ የሞተ ሰው አኖርኩ፤ ያውም ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ።

በሰባተኛው እሑድ ፈተና ሳርም ትምህርት ቤት ዋልኩ። ሐጂ ሱመያን አንብቢልኝ አሏት። እሷም በራሷ ስልክ ፈልጋ፣ ምንም እንዳይቀርባቸው ብላ አዲሱን ታሪክ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረችላቸው። አመሻሽ ላይ ስመለስ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

"መምህር፣ ሰውዬው ሞቷል።"

"አዎ፣ ሐጂ።"

"መቼ?"

"ስድስት ሳምንት ሆነው።"

መቆጣታቸውን ያወቅሁት ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነው። "አዝነህልኝ ነው፤ ይገባኛል። ግን የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ልቤ አይደለም። ብትነግረኝ ኢናሊላሂ ብዬ አዝንለት ነበር። አንተ ስለ ፍየል እያወራህ አሳቅኸኝ። ወዳጁ ሞቶ የሚስቅ ሰው አደረግኸኝ።"

የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። ሐረር ከመጣሁ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ስትቀበር አለመድረሴን፣ በወጉ አለማልቀሴን። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈለጉና አገኙት። "እንግዲያው ተቀመጥ" አሉኝ። ሱመያ ሻይ አመጣች። ሐጂ የእናቴን ስም ጠይቀው መጀመሪያ ለእሷ ዱዓ አደረጉ። ቀጥሎ ለበረኛው። "ሃይማኖቱን አላህ ያውቃል" ብለው ቀጠሉ። እኔ ያኔ አለቀስኩ። ለሥዕል ነው ያለቀስከው ብትሉኝ አልከራከራችሁም። ብቻ ቀለል አለኝ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ጠዋት ይነሱ ይሆን ብዬ ስሰጋ ከዘራቸው ድንጋዩን ሲመታ ሰማሁ። ወጥተዋል።

እንግዲህ እዚህ ላይ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ብዬ ልመክራችሁ ተዘጋጅቼ ነበር። ሐጂ ምክሩን አበላሹብኝ። በሚቀጥለው እሑድ እውነተኛውን ምዕራፍ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አነበብኩላቸው። ጨርሼ ስልኬን ኪሴ ስከት ጠሩኝ።

"መምህር፣ የጃፓኑን እሑድ እሑድ ታነብልኛለህ። ያንተን ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ። ባንተው ታሪክ ሰውዬው በሕይወት አለ አይደል?"

"አለ፣ ሐጂ።"

"መልካም። እሱን ከገደልክብኝ ግን ሌላ ቤት ፈልግ።"

ይኸው እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ልጁ ተወልዳለታለች።