ለእትዬ የሚሆን አይጥ

እንግዳ ተቀብላችሁ የምታውቁ ሰዎች፣ ምን እንደሚበላ ያልተናገረ እንግዳ እንዴት እንደሚያስጨንቅ አይጠፋችሁም። ይጹም ይፈስክ፣ በርበሬ ይስማማው አይስማማው ሳታውቁ ታቀርቡለትና የእሱን አፍ ሳይሆን ፊቱን ታያላችሁ። አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁን ከሰበሰበ አለቀላችሁ፤ የዚያን ቀን እናንተም አትበሉም። ይህን ጭንቀት ከማንም የበለጠ አውቀዋለሁ ብል እንዳትስቁብኝ። የእኔ እንግዳ እጅ የሚባል ነገር አልነበራትም። እግርም የላትም። እባብ ነበረች።

በነዳጅ ማጣሪያው ጥገና ክፍል ተመድቤ አሰብ የወረድኩት፣ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ በሚቆምበት ዘመን ነው። ስለ ሙቀቱ አልነግራችሁም፤ ላላየው አይገባውም፣ ላየው ደግሞ እንደገና ማሞቅ ይሆናል። አንድ ቤት የምንጋራው ሙሉጌታ ከሚባል የጎንደር ልጅ ጋር ነበር። የማጣሪያው ኦፕሬተር ነው፤ ዝምተኛ፣ በዚያ ወበቅ እንኳ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ኤክስፐርት ውሉ አልቆ ሲሄድ ዕቃውን ለወዳጆቹ አከፋፈለ። ለአንዱ ራዲዮ፣ ለአንዱ ማራገቢያ ደረሰው። ለሙሉጌታ ቤቱ ያሳድጋት የነበረችውን እባብ ሰጠው። ሙሉጌታ አቅፎ ይዟት ገባ።

አጭርና ወፍራም ናት፤ መልኳ ቁርጥ አሸዋ። መርዝ የላትም። ይህን የምለው እሱ ስላለኝ ነው፤ እኔ ቀርቤ አላረጋገጥኩም። አሸዋ የተሞላ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ከላይ ወንፊት ሽቦ ተከድኖባት፣ በእኔና በእሱ አልጋ መካከል ባለው ኮመዲኖ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ አሸዋው ውስጥ ተቀብራ ስለምትውል፣ ብታዩት አንድ ሳጥን አሸዋ ነው የምታዩት። ቤት ልቀይር አሰብኩ፤ የሚቀየር ቤት የለም። ስለዚህ ለሰላም ስል ጠዋት ስወጣ "እትዬ፣ ደኅና ይዋሉልኝ" እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ። ስሟ በዚሁ ጸና።

ጣጣው ምግቧ ላይ ነው። እባብ አይጥ ይበላል ሲባል፣ ያገኘውን አይጥ ሁሉ የሚውጥ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ኤክስፐርቱ ግን ሙሉጌታን አስጠንቅቆት ነው የሄደው። አንደኛ ነገር፣ አይጡ ከእባቢቱ ወገብ የወፈረ መሆን የለበትም፤ ከወፈረ ወይ አይወርድላትም፣ ወይ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል። ደግሞ በቁሙ አይሰጣትም፤ ነፍሱን የሚያድን አይጥ ይናከሳልና ዓይኗን ሊያጠፋው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን መርዝ ነው። መርዝ የቀመሰ አይጥ የበላች እባብ ተከትላው ትሞታለች። አሰብ ደግሞ ወደብ ነው። መጋዘኑ እህል፣ እህሉ አይጥ፣ አይጡ መርዝ የሞላበት አገር። ድመት የሚያስደነግጡ ጎምላላ አይጦች በጠራራ ፀሐይ ሲንጎማለሉ እያየን፣ ለእኛዋ አንድ የሚሆን አጣን።

እንግዲህ አስቡት። ስኳራችንን ቀበሌ ይመርጥልናል፣ ሳሙናችንን ቀበሌ ይመርጥልናል፣ እሑዳችንን በየትኛው ስብሰባ እንደምናሳልፍም የሚመርጥልን አለ። እኛ ቁጭ ብለን ለእባብ አይጥ እናማርጣለን።

የደረሰልን አሕመድ ኑር ነው። አሕመድ የአሰብ ተወላጅ፣ የወደቡ ቢሮ ሠራተኛ፣ ሲበዛ ሳቂታ ሰው ነበር። ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ከዘንባባዎቹ አጠገብ ስለሆነ መርዝ የሚባል ነገር አካባቢው አይደርስም። የዶሮዎቹን ጥሬ የሚሻሙ ትንንሽ አይጦች ሞልተውታል። ወጥመድ አለው። ምን ያደርጋል፣ ይህን ውለታ የምንነጋገርበት ቦታ ጠፋና ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ተነጋገርነው።

"የመጋዘኖቹን አልፈልግም" አለው ሙሉጌታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እሱ ሲያወራ ሁልጊዜ እንደ ምሥጢር ነው። "ተመርዘዋል። እትዬን ያጠፉብኛል።"

"ታዲያ የትኞቹን?"

"አንተ ሰፈር ያሉትን። ትልልቆቹን ተዋቸው፣ ይናከሳሉ። ወጣቶቹን ያዝ። እዚያው ጨርሰህ አምጣቸው።"

"ወላሂ ቀላል ነው" አለ አሕመድ። "ጁምዓ ከስግደት በኋላ ቤት ድረስ አመጣለሁ።"

እናንተ ስለ አይጥ እንደሚወራ አስቀድሜ ስለነገርኳችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ያልተነገረው ሰው በአጠገባችን ጀርባውን ሰጥቶን ሻይ ይጠጣ ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዓርብ ዕለት ከምሳ በኋላ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው እኔንና ሙሉጌታን ቀበሌ አደረሱን። ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው የሚባል ቀጭን ሰው ነበር፤ አንገቱ ላይ ትንሽ ፎጣ ጣል አድርጎ ላቡን እየጠረገ በጣም በዝግታ ይናገራል። የሚጮህ ሹም ይሻላል። የሚጮኸው ቢያንስ ሲደክመው ያርፋል።

"እትዬ ማን ናት?" አለ።

ሙሉጌታ "እባብ ናት" አለ።

ጓድ በላቸው ፎጣውን አጠፈ። "እባብነቷን እኛም ደርሰንበታል። ስሟን ንገረኝ።"

"ስሟ እኮ እትዬ ነው!"

"ጥሩ። የመጋዘኖቹን ሰዎች የመረዛቸው ማነው? በምን ሐሳብ ነው የተመረዙት?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አይጦች ናቸው" አልኩ እኔ።

"እናንተም አይጦች ትሏቸዋላችሁ?" አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። "ወጣቶቹን እዚያው ጨርሶ የሚያመጣው ማነው? ዛሬ አይደለም እንዴ ቀጠሮው?"

የተጠረጠርንበት ነገር የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያ ዘመን ወጣት ጨርሶ ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይተረጎምም። እውነቱን ብንናገር ቀልድ ነው፤ በዚያ ቢሮ ደግሞ የቀለደ ሰው ሲመለስ አላየንም። ውሸት ብንናገር ምን ብለን? ለወትሮው ዝም የሚለው ሙሉጌታ ግን የአንገት ቁልፉን ነካ ነካ አድርጎ "ቤት ሄደው ይዩዋት" አለ።

ሄድን። ከፊት እኛ፣ ከኋላችን ጠመንጃ፣ ከዚያ ሊቀመንበሩ። በመንገዳችን ያሉ መስኮቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። ጠዋት ሰላም ያልኳቸው ጎረቤታችን በራቸው ላይ ሆነው አዩኝና፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያቸው ላሜራ አነሡ፤ ያን ላሜራ ያን ቀን ገና የሠሩላቸው ይመስል።

ክፍላችን ስንገባ አንደኛው ጠባቂ ሳጥኑን አየ። ሳጥን ሙሉ አሸዋ፣ ሽቦ የተከደነበት። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ የተቀበረ ነገር አለ!" ብሎ ጠመንጃውን አቀባበለ።

"አውጣው" አለ ጓድ በላቸው ሙሉጌታን።

ሙሉጌታ እጁን አሸዋው ውስጥ ሰደደ። ፈለገ። ወደ ሌላው ጥግ ፈለገ። ዛሬ ከዚህ ወጥታ ከሆነ አለቅን፣ ብዬ ያችን ስሸሻት የኖርኩትን እባብ የምለምን ሆንኩ፤ እትዬ፣ ይኑሩልኝ። በመጨረሻ ክንዱ ላይ እንደ አምባር ተጠምጥማ፣ ምላሷን ብልጭ እያደረገች ወጣች። ጠመንጃ ያቀባበለው ጠባቂ ከበር ውጭ ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንደወጣ ማንም አላየውም።

ተገላገልን ብዬ አልጋዬ ላይ ዘጭ ልል ነበር። ጓድ በላቸው ግን ላቡን ጠረገና "እባብ መኖሩ ሌላ ነው፣ የተወራው ስለ እባብ መሆኑ ሌላ ነው" አለ። "አይጥ ትበላለች ብላችኋል። ትብላና ልይ።"

አንደኛው ጠባቂ ወደ ቀበሌው ሱቅ ተላከ፤ ብዙም ሳይቆይ ጭራውን አንጠልጥሎ አንድ አይጥ አመጣ። ትልቅ ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈራገጥም። "በእግሬ ረግጬ ነው የያዝኩት" አለ፣ ጀግንነቱ እንዲታወቅለት።

ሙሉጌታ አይጡን አየና "ይሄ አይሆናትም" አለ።

"ምን?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጤነኛ አይጥ በእግር አይረገጥም። መርዝ በልቷል። ደግሞ ከእሷ ይወፍራል።"

"ሙሌ" አልኩት በሹክሹክታ፣ "ስለ እግዚአብሔር ብለህ ስጣት። እሷ ትሙት። እኛ እንኑር።"

"አልሰጣትም።"

ጠመንጃውን አያለሁ፣ እሱን አያለሁ። ፈሪ የሚመስል ሰው ነበር፤ በስብሰባ እጅ አውጡ ሲባል ከሁሉም ቀድሞ የሚያወጣ። አሁን እባቢቱን ክንዱ ላይ ይዞ "አይሆናትም" ይላል። ጓድ በላቸው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ሽጉጡን ይሁን ቀበቶውን፣ ለማየት አቅም አልነበረኝም፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አሰላሙ አለይኩም!" አለ አንድ የደስ ደስ ያለው ድምፅ ከበር። "ለእትዬ ሁለት ወጣቶች —"

አሕመድ ነው። ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ በእጁ ይዞ ደፉ ላይ ቀረ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ሊቀመንበሩ ጣሳውን ተቀብሎ ክዳኑን ራሱ ከፈተ። አየ። ጣሳውን አዘንብሎ እንደገና አየ። ከዚያ ጣሳውን ለሙሉጌታ አቀበለው። "የትኛው ነው የሚሆናት?" አለ።

ሙሉጌታ ሁለቱን ትንንሽ አይጦች በየተራ አንሥቶ ከእባቢቱ ወገብ ጋር አስተያየ። አንዱን መለሰ። ሌላውን ጭራውን ይዞ አሸዋው ላይ አስቀመጠና እትዬን ለቀቃት። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ሳጥኑን ከበብን። እሷ ወይ ፍንክች። ላባችን ጠብ ጠብ ይላል። ምላሷን አወጣች፣ መለሰች፣ ፊቷን አዞረች።

"ለምን አትበላም?" አለ ጓድ በላቸው። በሹክሹክታ ነበር።

"ሰው በዝቶባታል።"

"ወደ ኋላ በሉ!" አለ ሊቀመንበሩ፣ አሁንም በሹክሹክታ። ጠባቂዎቹ፣ አሕመድና እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። እሱ ብቻ ጉልበቱን አጥፎ፣ ፎጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ትንፋሹን ይዞ ቀረ። ያን ያህል አጥብቆ ለአንድ ፍጡር መብላት የተጨነቀ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እናት ካልሆነች በቀር።

ድንገት ተወረወረች። ያዘችው። ከዚያ ቀስ እያለች፣ ከጭንቅላቱ ጀምራ፣ ጭራው ብቻ እስኪቀር ዋጠችው። ጭራውም ገባ።

"ከጭንቅላቱ ነው የምትጀምረው?" አለ ጓድ በላቸው።

"ሁልጊዜ" አለ ሙሉጌታ።

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ፤ ፊቱም ቢሮ ውስጥ ወደነበረው ፊት ተመለሰ። "እናንተ ንጹሓን ናችሁ" አለ። "ችግሩ፣ ጉዳዩን ለበላይ አካል አሳውቄያለሁ። ተደረሰበት የተባለ ነገር አልተደረሰበትም አይባልም። ስለዚህ እባቢቱ ከከተማ ትውጣ።"

"ዛሬ?" አለ ሙሉጌታ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ሆዷ ውስጥ ምግብ እያለ ከተንቀሳቀሰች ታስመልሳለች። ትታመማለች።"

"ስንት ቀን ይፈጅባታል?"

"አንድ ሳምንት ገደማ።"

ጓድ በላቸው አሰበ። "አንድ ሳምንት ሰጥቻታለሁ" ብሎ ወጣ። በዚያ ቀበሌ ቅጣቷ የተራዘመላት ተከሳሽ ከእሷ በፊት ስለመኖሯ አልሰማሁም። የታመመውን አይጥ ጠባቂው እዚያው ረስቶት ሄደ፤ ሲመሽ ሞቶ አገኘነው።

በሳምንቱ ሳጥኑን አዘጋጅተን ጠበቅን። አሕመድ በራሔይታ መንገድ ጥሩ አሸዋ አይቶላታል። የመጣ ግን የለም። በማግሥቱም የለም። ቆይቶ እንደሰማነው ጓድ በላቸው ለስብሰባ ተብሎ ተጠርቶ ሄዶ በዚያው አልተመለሰም፤ በቦታው ሌላ ሊቀመንበር ተቀምጧል። አዲሱ ስለ እባብ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እኛም አላሳወቅነውም። እትዬ ኮመዲኖዋ ላይ ቀረች፣ ወፈረችም። ሙሉጌታ ለወገቧ የሚሆነውን አይጥ እንደገና መለካት ጀመረ።

ወሬው ግን ከተማውን አዳርሶ ነበር። ወደቡ በር ላይ፣ ማጣሪያው ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ያገኘን ሁሉ እየሳቀ "እትዬ እንዴት ናት? በላች?" ይለናል። እኛም "ደኅና ናት፣ በልታለች" እንላለን። ከዚያው ሻይ ቤት ፊት ለፊት አንዳንድ ቀን የጓድ በላቸው ባለቤት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቀበሌው ስትገባ፣ ስትወጣም እናያታለን። ማንም ሰው ስለ ባሏ ደኅንነት አልጠየቃትም። እኛም አልጠየቅናትም።