ወጣትነቴን የተቀማሁበት ስብሰባ

ሰው የሚያረጀው በዕድሜ ነው ያላችሁ ማን ነው? እኔ ያረጀሁት በስብሰባ ነው። ያውም በአንድ ጧት፣ ከሻይ ዕረፍት በፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሸዋ ሮቢት ባለሱቅ ነኝ፤ የቀበሌያችን የወጣቶች ተወካይም ነበርኩ። ስመረጥ ጎረምሳ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ውረድ ያለኝ የለም፤ እኔም ሳይሉኝ የምወርድ ባለጌ አይደለሁም። የወጣት ማዕከሉ ቁልፍ በእኔ ኪስ ነበር። ወጣቱ ገብቶ እንዳያበላሸው ቆልፌ ይዤው ነበር። ንብረት ያለ ጠባቂ ይሆናል እንዴ?

ታዲያ ከአዲስ አበባ አንድ የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰር መጡ። ወጣቱ በአገሩ ጉዳይ ለምን አይሳተፍም የሚለውን ነው የሚያጠኑት። የጣርማ በር ተራራን ብርድ ፈርተው ካፖርት ደርበዋል። ቆላው ሮቢት ሲደርሱ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ ኮቱን፣ ቀጥሎ ክራቫቱን አወለቁ። ጥናቱ ቢረዝም ኖሮ እንጃ።

ወጣቱን የቀበሌው አዳራሽ ሰበሰቡት። እኔ ትንሽ አርፍጄ ገባሁ፤ ተወካይ ቀድሞ አይገባም። ስገባ አዳራሹ በሙሉ ብድግ! "ኧረ በእግዜር!" እያልኩ፣ ከብቸኛው ቬንትሌተር ሥር ካለችው ወንበሬ ሄጄ ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ ተደንቀው፣ እንዲህ የሚከበር የወጣት መሪ አይቼ አላውቅም አሉ። ከተነሱልኝ አንዱ የራሴ ልጅ መሆኑን መንገር አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ይኼኔ ዘይነባ እጇን አወጣች። ዘይነባ ባጃጅ ትነዳለች፤ ምላሷ ከባጃጇ ይፈጥናል።

"ጋሽ ታደሰ አባታችን ናቸው፤ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ግን እኛ መርጠናቸው አናውቅም። ማዕከሉ የተዘጋው እኔ የወተት ጥርሴን ስነቅል ነው። ተሰብስበን የምንመክርበት ቤት አጥተን ከዛፍ ጥላ ዛፍ ጥላ እንዞራለን።"

የፕሮፌሰሩ ዓይን በራ። እንግዲያው አሁኑኑ ይመረጥ፣ የሚደግፍ ብድግ ይበል አሉ። እኔ ምን ቸገረኝ? መነሳት ከሆነ ቅድም አይቼዋለሁ። ስሜ ተጠራ።

ስገባ የተነሳልኝ ሁሉ ለምርጫው እንደተቀመጠ ቀረ። ልጄን ባየው አጎንብሶ የጫማውን ክር ያስራል። ያደረገው ነጠላ ጫማ ነው።

የዘይነባ ስም ሲጠራ አዳራሹ ቆመ። መጥታ አንገቷን ሰበር፣ ሁለት እጇን ዘርጋ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ቁልፉን" አለችኝ። ኪሴን እንደያዝኩ፣ ርክክብ ሥርዓት አለው፣ መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋም ስል፣ በክብር እንግድነት የተጠሩት አዛውንቱ ሐጂ ሰይድ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

"አንተ ልጅ! ወላሂ አታፍርም? ስጣት!"

ሰማችሁ? ልጅ ነው ያሉኝ። ያውም ሐጂ! ይኼ ምስክርነት ይያዝልኝ ብዬ ወደ ፕሮፌሰሩ ብዞር፣ እሳቸው የዘይነባን ቃል እየጻፉ ነው።

ሰጠኋት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔማ በልቻለሁ፤ የስብሰባ ቆሎ። ማዕከሉ አሁን ጧት ማታ ክፍት ነው። ብቅ ስል ሁሉም ይነሱልኛል፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ክርክራቸውን ይቀጥላሉ።

ፕሮፌሰሩም ካፖርታቸውን ደርበው ዳገቱን ወጡ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። የወጣቱ ተሳትፎ ቀንሷል ነው የሚሉት። እኔ እኮ ከአንድም ስብሰባ ቀርቼ አላውቅም!