ልጄን እንደ ቡና ያጠብኳት ሰሞን

በዲላ ከተማ ሐኪም ያልሆነ ሰው ቢኖር ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ብቻ ነው! ሌላው ሁሉ ሐኪም ነው። ጨው የሚቸረችረው ሐኪም፣ ጋሪ የሚነዳው ሐኪም፣ እኔም ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለመድረስ ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ሴትዮ... ዋና ሐኪም! የጎደለን በሽተኛ ብቻ ነበር። እሱንም እግዜር አልነፈገን፤ የልጄ የአስቴር ፊት ላይ ብጉር ወጣ።

አስቴር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጣለች። የቀራት ነገር ቢኖር ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ጤና ጣቢያ ቀርባ «ጤነኛ ናት» የሚል ወረቀት መቀበል ነው። ብጉሩ ይህን ሰምቶ መሰለኝ ግንባሯንና ጉንጯን ተከፋፍሎ ሰፈረበት። ብጉሩስ ይሁን፣ የወጣ ይገባል። የከፋው ጥሎት የሚሄደው ነገር ነው። አንዱ በከሰመ ቁጥር በቦታው ጥቁር ነጥብ ያስቀምጣል፤ «ሰው አለው» እንደሚባል ወንበር!

ጎረቤቴ እትዬ ሙሉነሽ ፈሪ እናት ስታይ አፏ አይዘጋም። ገብታ አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች።

«የአስቴር እናት፣ ይህን ፊት ይዛ ነው መንግሥት ፊት የምትቀርበው?»

«ምነው? ምን ይሏታል?»

«ደሟ ተበክሏል ብለው ይመልሷታላ!»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ደግሞ የማይደርሰውንም ሄጄ የምቀበል ሴት ነኝ።

«መድኃኒቱስ?» አልኳት።

«ባል ነዋ! ብጉር ባል ሲያይ ይጠፋል።»

«እኔ ባሌን ሃያ ዓመት ሳየው የጠፋልኝ ነገር ቢኖር እንቅልፌ ብቻ ነው!»

«እንግዲያው ሎሚ።»

ከባል ሎሚ ይሻላል ብዬ ሎሚውን ቆረጥኩ። መጀመሪያ ግን ያበጠውን ሁሉ በሁለት ጥፍሬ አፈረጥኩት፤ ቤት ሳይጠረግ ይለቀለቃል እንዴ? ከዚያ ሎሚውን ፈተግኩባት። እናንተዬ፣ የጮኸችውን ጩኸት ሰምቶ ሰፈሩ ቤት ተቃጠለ ብሎ ውሃ ይዞ አለመምጣቱ እስካሁን ይገርመኛል። በሦስተኛው ቀን የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ያህል የነበረው ነጥብ ባቄላ አከለ።

አንቺ ይህን የምታነቢ እናት፣ እዚህ ላይ ብታቆሚ ምን ነበረበት ትይኛለሽ። ልክ ነሽ። አላቆምኩም።

ቅዳሜ ማርታ መጣች። ማርታ የባሌ አክስት ልጅ ናት፤ ዱመርሶ በሚባል መንደር አዲስ በተተከለው የቡና ማጠቢያ ትሠራለች፣ ለገበያ ስትመጣ እኛ ዘንድ ታርፋለች። ብርጭቆ ስትቀበለኝ እጇን አየሁት... የሕፃን እጅ!

«ማርታ፣ ምን ቀባሽው?»

«ምን እቀባለሁ፣ ቡናው ነው እንጂ! ቀዩ ልጣጭ ሲነሳ ፍሬው ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይቀራል። እሱን ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፈን እናሳድርና በማግሥቱ አጥበን እናስለቅቀዋለን። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥተን እያገላበጥን እናደርቀዋለን። ነጭ፣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል!»

ነጭ! ንጹሕ! ከዚህ በላይ ሐኪም ምን ይላል? በጌዴኦ ምድር ቡና እንዲህ ሲታጠብ ሰው እንዴት ተረሳ ብዬ ተቆጨሁ። ማርታን ያን የሚያሙለጨልጭ ነገር እንድትልክልኝ ለመንኳት። ስቃብኝ ሄደች፤ ማክሰኞ ግን በጭነት መኪና አንድ ጠርሙስ ሙሉ ደረሰኝ።

ሁሉን እንደ ደንቡ አደረግሁ። ቀባኋት፣ አሳደርኳት፣ ጠዋት አጠብኳት፣ ጓሮ ሰሌን ላይ አሰጣኋት። አንድ ሰዓት በግራ ጉንጭ፣ አንድ ሰዓት በቀኝ።

«እማዬ፣ እኔ ቡና ነኝ?»

«ዝም በይ! ቡና እንኳ ሲገላበጥ አይናገርም።»

«ዝንቡ በላኝ!»

«ዝንብ የሚጣፍጥ ነገር ነው የሚወደው፤ ደስ ይበልሽ።»

ሦስት ቀን አሰጣኋት። ቡና በፀሐይ ይነጣል፤ ልጄ ጠቆረች። ነጥቦቹማ ተቆልተው ወጡ! ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች የተባለችው ሴት በስንት ጣዕሟ፤ እሷ ያጠፋችው አንዴ ነው። አስቴር መስተዋቱን ገለበጠችው። እህል እንኳ ሻሽዋን እስከ ጉንጯ አውርዳ መብላት ጀመረች። አርብ ዕለት ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ እውነት ቢመልሱኝስ?» አለችኝ።

ተነስቼ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ትንሽዬ የቅባት ቆርቆሮ አወጣችልኝ።

«ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ጥቁሩን ከነሥሩ ይነቅለዋል!»

እሑድ ከጸሎት መልስ ቆርቆሮውን ስከፍት አስቴር ጥግ ያዘች።

«አልቀባም!»

«የመጨረሻ ነው ልጄ።»

«ሎሚውም የመጨረሻ ነበር! እስቲ ቀድመሽ አንቺ ተቀቢው!»

«ምን ችግር አለው? ይኸው!» ብዬ ከግንባሬ እስከ አገጬ እንደ ቤት ምርጊት ለጠፍኩት። እናት ለልጇ ምን አትሆን!

ሰኞ ጠዋት ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ፣ እንደ ድልህ ቀልቶ ተነሳሁ። አንደኛው ዓይኔ ጭራሽ አልከፈት አለ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ቆርቆሮውን ቀን ይወጣለት ይሆናል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ድሬሰሩ ወጣት ነው። ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ምላሷን አስወጣት፣ ደረቷን አዳመጠ፣ መዘናትና ማኅተሙን አነሳ። ዝም ብል ምን ነበረበት!

«ዶክተር፣ ፊቷስ?»

«ድሬሰር ነኝ እናቴ። ፊቷ ምን ሆነ?»

«ደሟ ተበክሎ...»

«ብጉር እኮ ነው! በዚህ ዕድሜ ያልወጣበት ማን አለ?» አለና ጠጋ ብሎ አያት። ፊቱን አጨፈገገ። «ይልቅ ማነው እንዲህ የነካካሽ?»

አስቴር ዞራ እኔን አየችኝ።

«ይስሙኝ እናቴ፣ ጥቁር ቆዳ ቂመኛ ነው። ባፈረጡት፣ በፈተጉት፣ በሎሚ ባቃጠሉት ቁጥር ቦታውን ያጠቁረዋል፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ይብሳል። በቀን ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና፣ ሳትፈትግ ትታጠብ። ይህን የድኝ ቅባት ብጉሩ ላይ ብቻ በስሱ ታድርግ። ጥላ ትያዝ። ጥቁሩ የሚለቀው በወራት ነው፣ በሳምንት አይደለም።»

«እስከዚያ እኔ ምን ላድርግላት?»

«እጅዎን ይሰብስቡላት።»

ማኅተሙን መታና ወረቀቱን ሰጣት። አስቴር አለፈች! እልል ልል አፌን ስከፍት ነጠላው ተንሸራተተ... ድሬሰሩ ከወንበሩ ብድግ!

«በስመ አብ! እርስዎን ደግሞ ምን አገኘዎት?»

«ለ... ለምሳሌ ያህል ነው» አልኩ።

አስቴር ቆርቆሮውን ከቦርሳዬ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ድሬሰሩ አሸተተው፣ ጫፉን በወረቀት ይዞ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ በስሜ ካርድ አወጣ። ፀሐይ ክልክል፣ መንካት ክልክል፣ በሳምንቱ መመለስ ግዴታ። ትእዛዙን የነገረው ለእኔ እንዳይመስላችሁ፤ ለልጄ ነው! «ይዘሻት ትመጫለሽ» አላት፣ እንደ ሕፃን።

ሰፈር ስንደርስ እትዬ ሙሉነሽ ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር።

«ምን አሉ? መለሷት?»

«እኔ አልፌአለሁ እትዬ» አለች አስቴር፣ «የወደቀችው እማዬ ናት!»

ሳቀች። ሻሽዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ነጥቦቿን ሁሉ ለመንገደኛው እያሳየች ሳቀች። መስተዋቱን ከገለበጠች ወዲህ ፊቷን ሳትሸፍን ያየኋት ያን ቀን ነው። ያየኋትም በአንድ ዓይኔ ነው።