የማያስፈራ ሞተር ፍለጋ

ሰው የሚፈራው በዓይኑ ነው የሚል ካለ፣ ደጋ አገር አልኖረም ማለት ነው። የደጋ ሰው የሚፈራው በጆሮው ነው። ዓይንማ ምን ያደርጋል? ጉሙ ይጋርደዋል፣ ተራራው ይጋርደዋል፤ ሲመሽማ ጭራሽ ጡረታ ይወጣል። ጆሮ ግን ዕረፍት የለውም። ደብረ ታቦር ተወልዶ ያደገ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የማን ውሻ እንደጮኸ፣ የየትኛው ደብር ደወል እንደተደወለ፣ ዳገቱን የያዘው አይሱዙ ባዶ ይሁን ጭነት ያለበት ሳያይ ይነግራችኋል። ድሮ ይህን እንደ ችሎታ እንቆጥረው ነበር። አሁን አሁን በሽታ ሆኖብናል። ሰማይ ላይ የሚያንጎራጉረው ነገር፣ ድሮን የሚሉት፣ ከመጣ ወዲህ ጆሯችን ሥራ በዝቶበታል። ንብ በአጠገቡ ስታልፍ ግድግዳ የሚለጠፍ ጎልማሳ አውቃለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ጎልማሳው እኔ ነኝ።

እንግዲህ በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ አውሮፕላን ማብረር ያማረው ሰው ምን ይባላል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እኔ ቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ፤ ደመወዜም ጤናዬም እንደ ሰው ነው። ልክፍቴ ግን የሞዴል አውሮፕላን ነው። ደግሞ እንዳትሳሳቱ፣ የኔዋ በሪሞት የምትሄድ አይደለችም፤ በሽቦ የምትበር ናት። ክንፏ ከጫፍ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ አጥንቷ ቀርከሃ፣ ልብሷ ስስ ሐር ነው። ከግራ ክንፏ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ይወጡና ሃያ ሜትር ያህል ተጉዘው እኔ እጅ ውስጥ ባለ እጀታ ላይ ያልቃሉ። እጀታውን ወደ ላይ ሳዘነብለው አፍንጫዋን ታነሣለች፣ ወደ ታች ሳዘነብለው ትደፋለች። እሷ ዙሪያዬን ትበራለች፣ እኔም መሐል ቆሜ አብሬያት እዞራለሁ። የጎበዝ እጅ ከያዛት በጀርባዋ ትበራለች፣ ሰማይ ላይ ስምንት ቁጥር ትጽፋለች። ፈቃድ የጠየቅሁት የቀበሌ ሰው «ታስራ የምትበር ከሆነች ምን ችግር አለ?» ብሎ ስቆብኝ ነው የሸኘኝ።

የቀረኝ ሞተር ብቻ ነበር። አብሮኝ የተማረ፣ አዲስ አበባ የሚኖር፣ በዚሁ ልክፍት የተያዘ ሙሉቀን የሚባል ወዳጅ አለኝ። ደወለልኝና «ሁለት ሞተር አለኝ፤ አንዱን ምረጥና ልስጥህ» አለኝ። አንዱ ቱ ስትሮክ ነው፤ በዞረ ቁጥር ነዳጅ ያቃጥላል፣ ቀላል ነው፣ ደግሞም ያፏጫል። ሌላው ፎር ስትሮክ ነው፤ በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ያቃጥላል፣ ከበድ ይላል፣ ትልቁን ፕሮፔለር ረጋ ብሎ ያዞራል። እኔ መካኒክ ነኝ፤ መካኒክ ክብደት ያያል። እንደኛ አየሩ በሳሳበት አገር የማንኛውም ሞተር ጉልበት ይቀንሳልና፣ ልቤ ወደ ቀላሉ ወደ ቱ ስትሮኩ አድልቶ ነበር። ሙሉቀን የሁለቱንም ድምፅ ቀድቶ ላከልኝ።

ያን ቀን ኔትወርኩም ቀንቶት ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ልጃችን አጠገቧ ትጫወታለች። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ የስልኩን ድምፅ ጣሪያ አስነካሁና ቱ ስትሮኩን ከፈትኩት። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ የማያባራ ጩኸት ወጣ። ቀጥሎ የሰማሁት የሰፌዱን መውደቅ ነው። ዞር ስል ትርንጎ ልጅቷን አንጠልጥላ በአጠገቤ አልፋ አልጋ ሥር ገብታለች።

«ግባ እንጂ! ምን ይገትርሃል?» እጇን ከአልጋው ሥር አውጥታ የሱሪዬን ጫፍ ትጎትታለች።

ትርንጎ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ናት። ሕፃናቱን ከፊደል እኩል፣ ድምፅ ሲሰሙ ከጠረጴዛ ሥር መግባትን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ። «ስልኩ ነው» አልኩና ድምፁን አጠፋሁት። «ስልኩ ነው ትርንጎ። ሞተር ልመርጥ ብዬ ነው።»

ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እሷ ግን ወጥታ ምስሩን ከአፈር ላይ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። እኔም ቁጢጥ ብዬ አብሬያት ለቀምኩ። ግማሽ ሰፌድ ያህል ስንደርስ ነው ቀና ያለችው።

«የትኛውን ልትወስድ ነው?»

«ሌላኛውን።»

«እስቲ አሰማኝ።»

ድምፁን ቀንሼ ከፈትኩላት። ቱክ ቱክ ቱክ ይላል። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው። «ይኼስ ወፍጮ ነው የሚመስለው» አለች። «ግን በስልክ የሰማሁትን አላምንም፤ ሲበር እዚያው ቆሜ ልስማው።» ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ! ቢሆንም እውነቷን ነው። እኔም ያን ጊዜ ነው የመረጥኩት፤ መጽሐፉ ስለ ክብደትና ስለ ጉልበት የሚለውን ሁሉ ትቼ፣ በሚስቴ ጆሮ።

ሞተሩን ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ከመልእክተኛ ተቀበልኩ። ስመለስ ሐሙሲትን አለፍ እንዳልን ሚኒባሱ ለፍተሻ ቆመ። ፈታሹ ካርቶኔን ከፍቶ ሞተሩን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «ለማስተማሪያ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን እውነት የሚናገር ሰው ድምፁ እንደዚያ አይንቀጠቀጥም። ክዳኑን መልሶ አለፈኝ። ቤት ገብቼም አላረፍኩ፤ ድምፁ ይበልጥ ይወፍር ብዬ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ትንሽ ጣሳ ሰካሁበት። የባላገር ወፍጮ ባለቤቶች የሚያደርጉትን ታውቃላችሁ፤ እህል የያዘ ሰው ከማዶ እንዲሰማቸው ጭስ ማውጫው ላይ ጣሳ ይሰካሉ። ዘዴውን ከነሱ ነው የወሰድኩት።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ከከተማ ወጣ ብለን ገብሱ የታጨደለት ማሳ ላይ ደረስን። ውላችን እንዲህ ነበር። ትርንጎ ጉብታው ላይ ትቆማለች። ድምፁ ያንን የሰማይ ነገር ከመሰላት ቁጭ ትላለች። ቁጭ ካለች ሞተሩን ለሙሉቀን እመልሳለሁ፣ ሁለት ዓመት የለፋሁባትን አውሮፕላን ደግሞ ማገዶ አደርጋታለሁ። ምን ላድርግ? ሚስቱን አልጋ ሥር እየከተተ የሚዝናና ሰው፣ ሰው አይባልም።

አውሮፕላኗን በችካል አሰርኳትና ፕሮፔለሩን በጨርቅ በጠቀለልኩት ጣቴ መታ መታ አደረግኩት። ሞተሩ አሳለው፣ ደግሞ አሳለው፣ ከዚያ ተነሣ። መሐል ሄጄ እጀታውን ያዝኩ፤ የችካሉን ገመድ ሳብኩት፤ ሄደች።

ስለ አበራረሯ ባወራላችሁ ደስ ባለኝ፤ ዓይኔ እሷ ላይ ቢሆንም ልቤ ጉብታው ላይ ነበር። በዞርኩ ቁጥር የትርንጎ ነጠላ ለአንድ አፍታ ነጭ ሆኖ ያልፋል። ቆማለች። ደግሞ ዞርኩ፤ ቆማለች። ዐሥር ጊዜ ያህል ከዞርኩ በኋላ ደፈር አልኩና አንድ ጊዜ ገለበጥኳት። ሽቅብ ስትወጣም ቁልቁል ስትወርድም የሞተሩ ድምፅ ንቅንቅ አላለም፤ ፎር ስትሮክ የሚወደደው ለዚህ ነው። ደስ ብሎኝ ጉብታውን ባየው ባዶ ነው።

አልተቀመጠችም። የለችም።

በሚቀጥለው ዙር ሰዎች አየሁ። ከመንገዱ በኩል ቁልቁለቱን እየወረዱ ይመጣሉ። በሚቀጥለው ዙር በዝተዋል። በሚቀጥለው ዙር ዱላ እንደያዙና እንደሚሮጡ አየሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ እንግዲህ ደረሰ አልኩ። ያንን የሰማይ ጉድ የሚያዝዘው ይኼ ሰው ነው ብለው ከሆነስ? ትርንጎስ የት ገባች? ፈሪ ለናቱ፤ ጥዬ መሮጥ አማረኝ። እጀታውን ከለቀቅኩት ግን አውሮፕላኗ ሽቦዋን እየጎተተች ሰው ላይ ትሄዳለች። ማጥፋትም አይቻልም፤ እንዲህ ያለችዋ የምታርፈው ነዳጇ ሲያልቅ ብቻ ነው። የስድስት ደቂቃ ሞልቼላታለሁ፤ ፎር ስትሮክ ደግሞ ነዳጅ ቆጣቢ ነው! ቁጠባውን ረገምኩት። ሊቀጠቅጡኝ ለሚመጡ ሰዎች አንዴ ፊቴን አንዴ ጀርባዬን እየሰጠሁ ዞርኩ። «ቅዱስ ገብርኤል» ስል ግማሹን በአንዱ ዙር፣ ግማሹን በሌላው ነው የጨረስኩት።

ነዳጁ አለቀ። አውሮፕላኗ ተንሳፍፋ አረፈች። ራሴ እየዞረ ቀና አልኩ። ትርንጎ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ በእኔና በሰዎቹ መካከል ቆማለች። «ባሌ ነው! ክፉ ነገር አይደለም፣ መጫወቻ ነው!» ትላለች እያለከለከች። ከሰዎቹ ኋላ አምስት አህዮች፣ ጀርባቸው ላይ በማዳበሪያ ጆንያ የተሞላ እህል ጭነው ደረሱ። ዱላው ለማን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ልጄ፣ ወፍጮው ወዴት ነው?» አሉ ከፊት የነበሩት ሽማግሌ፤ በኋላ ሲጠሯቸው እንደሰማሁት አያ ደሴ ናቸው።

የመንደራቸው ወፍጮ ናፍታ ከጠፋ ጀምሮ ቆሟል። እህላቸውን ለማስፈጨት የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ከተማ ሲነዱ ድምፁን ሰሙ፤ እዚህ ቅርብ ወፍጮ ተነሣ ብለው ከመንገድ ወጡ። የሚሮጡትም ወረፋ ለመያዝ ነበር።

አውሮፕላኗን አንሥቼ አሳየኋቸው። «ይቺ ናት አባቴ።»

አያ ደሴ ብዙ ጊዜ አዩዋት። «ስንት ቁና ትፈጫለች?»

«አትፈጭም። ትበራለች እንጂ።»

አንዲት ሴት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አፈርኩ፤ ከአልጋው ሥር ቀን ይልቅ አፈርኩ። የማያስፈራ ድምፅ ስፈልግ ሰው የሚጓጓለት ድምፅ ነበር የመረጥኩት። «ይቅር በሉኝ» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

«ኧረ ግድ የለም» አሉ አያ ደሴ። «ከድምፅ ስንሸሽ ነው የከረምነው፤ ዛሬስ ወደ ድምፅ ሮጥን።» አህዮቹን ወደ መንገዱ እየመለሱ ደግሞ ዞር አሉ። «ስማ፣ ሌላ ቀን ስታስነሣት አስቀድመህ ሰው ላክብን። እህሉን ሳንጭን እንድንመጣ።»

ሲርቁ ወደ ትርንጎ ሄድኩ። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው፣ የገብሱ አገዳ ቧጭሮታል።

«ለምን ወረድሽ?»

«ዱላቸውን አየሁ። አንተ ብቻህን ነበርክ።»

«አልፈራሽም?»

«አሁንም እየፈራሁ ነው» አለች፤ ክንዴን ይዛ በአንድ እግሯ ቆመች። «ይልቅ ሂድና ጫማዬን ፈልግልኝ።»