ስም አውጪው በርናባስ

የትም ቢሮ ግቡ፣ አንድ ያየውን ሁሉ ስም ሳያወጣለት የማያልፍ ሰው አይጠፋም። ለትምህርት ቤቶች ፕሮግራም የምትጽፈው ፌበን፣ ሾላ ገበያ ፊት ለፊት አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሳት ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ ክቡር አቶ በርናባስ።

የቢሮው ኮድ በሙሉ አንድ የጋራ ማከማቻ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሥራ አልቆ ለደንበኛ ሲወጣ ታግ፣ ማለትም ስም፣ ይለጠፍበታል፤ ኋላ ነገር ቢበላሽ ወደዚያ ስም መመለስ ነው። ጤነኛ ሰው በዓመት አራት አምስቴ ይለጥፋል። በርናባስ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ባስተካከለ ቁጥር ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ «ስም እናውጣለት» ይላል። ስሙም ከዕለቱ ታቦት ነው። ሕዳር ሚካኤል። ታኅሣሥ ገብርኤል ከምሳ በፊት። ታኅሣሥ ገብርኤል ከምሳ በኋላ።

እሱ በለጠፈ ቁጥር የቢሮው ትልቁ ኮምፒውተር ፕሮግራሙን ከሀ እስከ ፐ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ዳገት ላይ እንዳለ አሮጌ ሚኒባስ እያቃሰተ። የሌላው ሥራ ወረፋ ይይዛል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያ ሁሉ ታግ በቀጭኗ ኢንተርኔት እስኪንጠባጠብ ሰው ሁለት ሻይ ይጠጣል።

«በርኒ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ» ይላል ጎኑ የሚቀመጠው ጌድዮን። «በአንተ የተነሳ የወሩን በዓል በሙሉ ሸመደድኩ። እናቴ ብትሰማ ፓስተሩን ይዛብኝ ነው የምትመጣው።»

የጥር ማርያም ዕለት በርናባስ ስልኩን አጥፍቶ እንጦጦ ወጣ። ልክ ያኔ የየካ አባዶው ርዕሰ መምህር ጋሽ ከበበ ፌበን ጋ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሰባተኛ ሀ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ተማሪ አለኝ። ሠላሳ ስምንቱም አንደኛ ወጥተዋል።»

«ካርድ መቼ ነው የሚሰጡት ጋሼ?»

«ወላጅ እኮ ግቢ ገብቷል። አንዷ እናት እልል እያለች ነው። ምን ልበላት?»

ፌበን ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ትናንት ኮዱን የነካካችው እሷ ናት፤ ይሄ ደንበኛ ከሄደ እሷም አብራ ትሄዳለች። ዝርዝሩን ከፈተች፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ታግ። ደረጃ በትክክል የሚያወጣው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሰውዬ እንጦጦ ላይ እያጨበጨበ ነው።

«አንድ በአንድ እንሞክራ» አለ ጌድዮን።

«አንዱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ፋሲካ ይደርስብናል።»

በንዴት አንዱን ስትጫነው ከሥሩ ማንም አንብቦት የማያውቅ ማስታወሻ ብቅ አለ። «ሕዳር ጽዮን፦ መብራት ሁለቴ ጠፋ። ጌድዮን ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ሲነጫነጭ ዋለ።» ሌላ። «ታኅሣሥ ሥላሴ፦ ፌበን አዲስ ጫማ። ካርዱ አልታተም አለ።» ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱም እንዲህ ነው። ፌበን «ደረጃ» ብላ ፈለገች።

«ታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት፦ ፌበን የደረጃውን ነገር ሦስት ቀን ታግላ ፈታችው። ደስ ብሏት በወንበሯ ዞረች። የሚሠራው ይሄ ነው።»

ከዚያ ታግ ሠርታ ላከች። ጋሽ ከበበ መልሰው ደወሉ። «አንደኛው አንድ ብቻ ሆነ፣ ተመስገን። የዚያች የእልልታዋ ልጅ ግን ሠላሳ አንደኛ ነው።»

«ውይ። ምን አሉ?»

«እልልታው ለማርያም ነበር ብላለች።»

ሰኞ ጠዋት በርናባስ እሱ ያልለጠፈው ታግ አገኘ። «አስተርእዮ ማርያም፦ እኔ ፌበን አበላሸሁ፤ የበርናባስ ማስታወሻ አዳነኝ። እንዳይነገረው።»

አነበበው። ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ። ፌበን ፊቷን ስክሪኑ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት።

«ከምሳ በፊት ነው» አለ በርናባስ፣ «ከምሳ በኋላ?»